ሁለቱ የክብሪት ቀፎዎች

ጋሼ ጆሮዬን የሠራልኝ በአንድ ክንድ የጎማ ቱቦ ነው። ከአሮጌ ላንድሮቨር የመስታወት ውሃ መርጫ ላይ የተቆረጠች፣ ጫፏ በዘይት የለሰለሰ ጥቁር ቱቦ ነበረች። አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ውስጥ ይሰካና ሌላውን ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ላይ ያስጠጋዋል። ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥበት በሚኒሞ ይንተከተካል። «ሞተሩን አትስማ» ይለኝ ነበር፤ «ሞተሩን መንገደኛውም ይሰማዋል። አንተ አየሩን ስማ።» መጀመሪያ ላይ የሚሰማኝ የገዛ ደሜ ምት ብቻ ነበር። ከጩኸቱ ሥር አንድ ቀጭን ፉጨት መኖሩን ለመለየት ሳምንት ፈጀብኝ። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ የሚያወጣው ፉጨት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ድምፅ መስማት አቃተኝ። ማታ ስተኛም እሱኑ እሰማ ነበር።

ጊዜው 1986 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ማታ እየተማርኩ ቀን ቀን በጋሼ ጋራዥ እውላለሁ። ጋራዡ ወልድያ ጎንደር በር አካባቢ ነበር፤ ቻይኖች የሠሩት የወረታ መንገድ ከከተማው ተነስቶ ዳገቱን ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የቆመ የቆርቆሮ ጥላ፣ መኪና ሥር የሚገባበት አንድ ጉድጓድ፣ መሣሪያ የሚሰቀልበት የእንጨት ግድግዳ፤ ያለው ይኸው ነው። ግድግዳው ላይ የእያንዳንዱ ቁልፍ ቅርጽ በከሰል ተስሏል። ማታ አንድ ቅርጽ ባዶ ሆኖ ከታየ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ቁልፉ እስኪገኝ አፈሩን በእጃችን እናበጥራለን።

የምንነጋገርበት ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ። ለእኔ እነዚህ እንደ ሞፈርና ቀንበር የአገር ቃላት ነበሩ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ መንገድ ሲያወጣና የጭነት መኪና ሲያግተለትል ይዟቸው መጣ፤ እሱ ሲወጣ ቃላቱ ከመኪናዎቹ ጋር ቀሩ። ጋሼ ከአንድ የደሴ ሽማግሌ መካኒክ ተቀብሏቸዋል፤ ሽማግሌው ደግሞ በልጅነታቸው መፍቻ ሲያቀብሉት ከነበረው ጣሊያን። እኔ ሦስተኛ ተቀባይ ነኝ።

ወልድያ የካርቡሬተር ከተማ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ምክንያቱ አቀማመጧ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትቀመጣለች። ወደ ደቡብ ስሪንቃ 1,850 ነው፤ መርሳ ከዚያም ትወርዳለች። ወደ ሰሜን በጎብዬና በሮቢት አድርገው ቆቦ ሜዳ ሲገቡ 1,470 ይደርሳሉ። በጎንደር በር በኩል የወጣ ሰው ግን ድልብን አልፎ ጋሸና ሲደርስ ወደ 3,000 ሜትር ተጠግቷል። ጠዋት ደጋ፣ ከሰዓት ቆላ፤ አንድ መኪና በአንድ ቀን ሁለቱንም ሊያይ ይችላል።

ካርቡሬተር ደግሞ ይህን አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ የቀነሰው ግፊት ተንሳፋፊው ጋለጃንት በልክ ይዞ ከሚጠብቀው ጎድጓዳ ቤት ቤንዚን ይስባል። ቤንዚኑ የሚያልፈው በአንዲት የነሐስ ቀዳዳ ነው፤ ጂግለር እንላታለን። በደንብ ለመቃጠል አንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ቤንዚኑ በርከት ይላል፤ ለአንዱ ኪሎ 13 ወይም 12.5 ኪሎ አየር ይበቃዋል። ችግሩ ጉሮሮው አየሩን እንደ ሚዛን አለመመዘኑ ነው። በወልድያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ጋሸና ላይ አንድ አራተኛ ያህል። ቀዳዳዋ ግን ያው ናት። ስለዚህ መኪናው ዳገት በወጣ ቁጥር ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ይታፈናል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ቆላ ሲወርድ ደግሞ በተቃራኒው ይጠማል።

ጋሼ ይህን በቁጥር አይነግረኝም ነበር። «ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑ ግን አይሳሳም» ይላል። አንድ ቀን አልገባኝ ሲል፣ «እናትህ ሊጥ ስታቀጥን አላየህም? ውሃው በዱቄቱ ልክ ነው። ዱቄቱ ሲያንስ ውሃውን ያው ካፈሰሰችው ምን ይሆናል?» አለኝ። በኋላ መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ሁሉ ከዚህ የተሻለ አላስረዳኝም።

የቢሮ ላንድክሩዘሮች ይመጣሉ፣ ፔጆ 504 ይመጣል፣ ላዳ፣ ቶዮታ ፒክአፕ፣ የግብርና ሠራተኞች ያማሃ ሞተር ሳይክል ይመጣል። የሁሉንም ሚኒሞ አስተካክለን እንሸኛለን። አንዲቱ ግን ከሁሉም የተለየች ነበረች።

ቀይ ፊያት 124 ናት። ባለቤቷ መርሳ ላይ ብርቱካንና ፓፓያ የሚነግዱ፣ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ያሳለፉ የሃምሳ ዓመት ሰው ነበሩ። ከውጭ ለሚያያት የቤተሰብ መኪና ናት፤ ኮፈኑ ሲከፈት ግን ሌላ ናት። የራሷ ሞተር ወጥቶ የፊያት 125 ሞተር ገብቶላታል፤ 1,608 ሲሲ፣ ቴስታታው ላይ ሁለት ካምሻፍት ያለው። በዚያ ላይ አንዱ ካርቡሬተር ተነስቶ በምትኩ ሁለት ዌበር ባለ 40 ጎን ለጎን ተተክለዋል። እያንዳንዱ ሁለት ጉሮሮ አለው። አራት ሲሊንደር፣ አራት ጉሮሮ፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር በራሱ አፍ ይተነፍሳል። ቁልፉ ሲዞር የሚወጣው ድምፅ ጎንደር በር ላይ ያሉ ልጆችን ሁሉ ይሰበስብ ነበር። ቀይዋ እንላታለን፤ ሌላ ስም አላስፈለጋትም።

በዕቃ ማስቀመጫዋ ክዳን ላይ ከመጽሔት የተቆረጠ ፎቶ ተለጥፏል፤ ጭቃ የለበሰች ፊያት 124 አባርት ስፓይደር። ባለቤቷ ስለሷ ሲያወሩ የዘመድ ታሪክ የሚተርኩ ይመስላሉ። በ1972 እንደ ፈረንጆቹ የወጣችው ያቺ አባርት 1,756 ሲሲ ነበረች፤ ሁለት ዌበር ባለ 44 ተሸክማለች፤ በዚያው ዓመት ራፋኤሌ ፒንቶ የአውሮፓን የራሊ ሻምፒዮና ያሸነፈው በፊያት 124 ነው። «የኔዋ ታናሽ እህቷ ናት» ይላሉ፤ ኮፈኑን መታ እያደረጉ። ዌበር የሚለው ስም የኤዶአርዶ ዌበር መሆኑን፣ ሰውየውም እንደ ፈረንጆቹ በ1923 ቦሎኛ ላይ ሥራ የጀመረ ጣሊያናዊ መሆኑን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ቦሎኛ የት እንደሆነ ለማየት የማታ ትምህርት ቤቱን ካርታ ፈለግኩ።

መጀመሪያ የመጣችልን ቀን ሕመሟ ግልጽ ነበር። ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ ነዳጅ ሲሰጧት መጀመሪያ ትታነቅና ከዚያ ትፈናጠራለች። እኔ ወዲያው ካቻቢቴ አንስቼ ወደ ካርቡሬተሩ ሄድኩ። ጋሼ እጄን ያዘኝ። «ካርቡሬተርን መጨረሻ ነው የምትከሰው» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ካርቡሬተሩን ሳንነካ ዋልን። የባልቦላዎቹን ክፍተት ለካን፤ ፑንቲናውን አጸዳን፤ ፋዙን፣ እሳቱ የሚቀጣጠልበትን ቅጽበት፣ አየን፤ በማኒፎልዱ ሥር አየር የሚሰርቅ ቀዳዳ እንዳለ ለማወቅ ነጭ ጋዝ እያንጠባጠብን ሞተሩ ድምፁን ሲለውጥ አዳመጥን። አንዲት የተሰነጠቀች ጓርኒሲዮን አገኘን። ካርቡሬተር በማያውቀው ወንጀል ሲከሰስ ብዙ አይቻለሁ፤ ያን ቀን ያስተማረኝን እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ።

በማግሥቱ ወደ ዌበሮቹ ገባን። ክዳናቸው ተነሳ፤ ጋለጃንቱ ከክዳኑ የሚርቅበትን ልክ ጋሼ ባለ 10 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ አግድም አስገብቶ ለካ፤ መሰርሰሪያው ሳይጨነቅ ሳይላላ ማለፍ አለበት። ከዚያ አራቱን የሚኒሞ ብሎኖች አንድ በአንድ እስኪነኩ ድረስ በእርጋታ አጥብቆ፣ እያንዳንዳቸውን አንድ ዙር ተኩል መልሶ አላላቸው። ሞተሩ ተነሳ። ቱቦዋ ከአንዱ ጉሮሮ ወደ ሌላው ትዘዋወር ጀመር። አንደኛው ያፏጫል፤ ሁለተኛው በለስላሳው፤ ሦስተኛው ከሁሉ ጮክ ብሎ፤ አራተኛው እንደ አንደኛው። ጋሼ ሁለቱን ካርቡሬተሮች የሚያገናኘውን ዘንግ ጥቂት ያላላል፤ ቱቦዋን ያዞራል፤ መልሶ ያጠብቃል። ከዚያ እያንዳንዱን ብሎን በሩብ ዙር፣ በስምንተኛ ዙር። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ቱቦዋን ሰጠኝ። አራቱንም ዞርኩ። አንድ ፉጨት ነው፤ አራት ቦታ የሚሰማ አንድ ፉጨት። ሞተሩ ላይ ያስቀመጥነው የሻይ ብርጭቆ ውሃው አይነቃነቅም ነበር።

«አሁን ነው ሥራው የሚጀመረው» አለ ጋሼ፤ ወደ ድልብ መንገድ ወጣን።

ቆሞ የሚስተካከለው ሚኒሞ ነው። ጉልበት የሚስተካከለው ዳገት ላይ ነው። ባለቤቷ በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተው ዳገቱን ያስወጧታል፤ ጋሼ «አሁን!» ሲል ሞተሩን በድንገት አጥፍተው ፍሪሲዮኑን ይረግጣሉ። ዳር ይዘን እንቆማለን። ካንዴላዎቹ ገና ሲያቃጥሉ በጨርቅ ይዘን እንፈታቸዋለን። ጫፋቸው ላይ ያለው ቀለም የሞተሩ ምስክር ነው፤ በዝግታ እየነዱ ቢመለሱ ግን ምስክሩ ቃሉን ይለውጣል። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል። አመድ መስሎ ከነጣ ቤንዚኑ አንሷል። የሚፈለገው የገብስ ቆሎ ቀለም ነው። ጋሼ ካንዴላውን በፀሐይ እያዟዟረ ያሳየኝና፣ «ጥላሸት ኪስ ያቃጥላል፤ አመድ ሞተር ያቃጥላል» ይለኝ ነበር። ቃሏን ወድጃት እየደጋገምኳት እንደ ልጅ ጨዋታ አደረግኳት። ትርጉሟን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

የቀይዋ ካንዴላዎች ጥቁር ነበሩ። ጂግለሮቿ ላይ የተጻፈው ቁጥር 130 ነው፤ ዌበር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ስለሚጽፍ 1.30 ሚሊሜትር ማለት ነው። ወልድያ ላይ ያነሰ ቁጥር ከየት ይመጣል? ጋሼ ቀዳዳዎቹን በብየዳ ቆርቆሮ ደፈናቸውና ገበያ አጠገብ ወደሚሠራ ሰዓት ሠሪ ወሰዳቸው። ሰዓት ሠሪው እንደ መርፌ የቀጠኑ መሰርሰሪያዎች ነበሩት። አራቱንም በአንድ መሰርሰሪያ፣ በእጅ፣ እስትንፋሳቸውን ይዘው በሱ። ከዚያ ጋሼ የመርፌ ስሪንጅ በቤንዚን ሞልቶ በእያንዳንዱ ጂግለር ውስጥ ሲያሳልፍ በሰዓት ሠሪው ሰዓት ይቆጥር ጀመር። አንደኛው በሁለት ሰከንድ ዘገየ። በጥንቃቄ አሰፉት። ደግሞ ቆጠሩ። ከሰዓት በኋላው በዚህ አለቀ። በልቤ ይህን ያህል መድከሙ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ቀዳዳዎቹ በዓይን አንድ ናቸው።

በ1987 ዓ.ም. ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ጋሼ ለለቅሶ ደሴ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የቀይዋ ባለቤት መጡ። ሁለት አረጋውያን ዘመዶቻቸውን ይዘው ላሊበላ ሊያነግሡ ነው። ነገ ማለዳ መነሳት አለባቸው። ባለፈው ሳምንት ወደ ጋሸና ሄደው ነበርና መኪናዋ ከድልብ በላይ ታፍናባቸው ተመልሰዋል። «ጋሼ እስኪመጡ ቢጠብቁ?» አልኳቸው። «አንተ አለህ አይደል እንዴ» አሉኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ገና ለሞላው ልጅ እንዲህ ሲባል ምን እንደሚሰማ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጂግለሮቹን አወጣኋቸው፣ ደፈንኳቸው፣ ሮጬ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሄድኩ። ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ከበፊቱ አንድ ደረጃ በቀጠነ መሰርሰሪያ ሁለቱን በሳን። ሦስተኛው ላይ መሰርሰሪያው ተሰበረ። ሰዓት ሠሪው ስባሪውን አውጥቶ በሌላ፣ ለሱ በቀረበ ጨረሰው፤ አራተኛውንም እንዲሁ። ጋራዥ ስደርስ መሽቷል። ስሪንጁ መደርደሪያው ላይ ነበር። አየሁት። ጂግለሮቹን ወደ ብርሃን አንስቼ በቀዳዳቸው ተመለከትኩ፤ አራት ክብ ብርሃን። አንድ ናቸው አልኩ። ገጠምኳቸው። ስስ አየር ውስጥ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢቀጣጠል ይሻላል ብዬም እሳት የሚያከፋፍለውን እስፒንትሮጅን ጥቂት ወደፊት አዞርኩት።

ሌሊቱን እስከ ድልብ ሞከርናት። እንዲያ ስትወጣ አይቻት አላውቅም። ጭስ የለ፣ መታነቅ የለ፤ ዳገቱ ሜዳ ሆነላት። ባለቤቷ ከመኪናው ወርደው ግንባሬን ሳሙኝ፤ ሃያ ብር ሰጡኝ። ካንዴላዎቹን አልፈታሁም። በዚያ ደስታ ውስጥ ካንዴላ መፍታት አልታሰበኝም።

ላሊበላ በሰላም ደርሰው ተመለሱ። አረጋውያኑን ወልድያ አውርደው ወደ ጋራዥ ሳይመጡ በቀጥታ ወደ ቆቦ ወረዱ፤ የጭነት ጉዳይ ነበረባቸው። ጎብዬን ካለፉ በኋላ መንገዱ ቀጥ ይላል፤ ሜዳው እስከ ዞብል ተራራ ድረስ ይታያል፤ እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ያቺን ሞተር ይዞ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው አላውቅም። በኋላ ሲነግሩን፣ መጀመሪያ ጠጠር የተሞላ ጣሳ የሚነቀነቅ የሚመስል ድምፅ ሰሙ። ነፋስ መሰላቸው። ከዚያ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ደከመ፤ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ሸፈነው። ሮቢት አጠገብ አደሩ። በማግሥቱ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና በገመድ ጎትቶ ወልድያ አመጣት። ቀይዋ በገመድ ተስባ፣ ያለ ድምፅ፣ በመሀል ከተማ ስታልፍ ልጆቹ ከኋላዋ በዝምታ ይከተሉ ነበር።

ጋሼ በዚያው ቀን ደርሶ ነበር። ምንም ሳይናገር ቴስታታውን ፈታ። ሦስተኛው ፒስተን አናቱ ላይ አሥር ሳንቲም የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቶበታል። ካንዴላው እንደ አመድ ነጥቷል። ጋሼ ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ ስሪንጁን አነሳ፤ አራቱን ጂግለሮች አንድ በአንድ በቤንዚን አሳለፋቸው። ሦስተኛው በግልጽ ይዘገያል።

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«መሽቶ ነበር፣ ጋሼ።»

«ፋኖስ አልነበረም?»

«ነበር።»

ስሪንጁን ወደ ቦታው መለሰው። ብዙ ቆየ። ከዚያ እስከ ዛሬ ከስድብ ሁሉ በላይ የሚከብደኝን ጠየቀኝ። «ለየትኛው መንገድ ነው ያስተካከልካት?»

«ለድልብ።»

«ቆቦስ?»

መልስ አልነበረኝም። ቆቦ በሐሳቤም አልመጣም። ለስስ አየር ያጠበብኩት ቀዳዳ ወፍራም አየር ሲመጣ ሞተሩን እንደሚያስጠማ በቃል አውቅ ነበር፤ ተጠይቄ ቢሆን ሳልደናቀፍ እመልስ ነበር። ሦስት ነገር በአንድ ፒስተን ላይ ተደራረበ፤ የጠበበው ጂግለር፣ እኔ ያስቀደምኩት ፋዝ፣ እና የቆቦ ሜዳ ቀጥ ያለ መንገድ። አንዱ ብቻውን ቢሆን ምናልባት ያልፍ ነበር።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የምሠራቸው መኪናዎች ካርቡሬተር የላቸውም። አንዲት ቪትዝ እንኳ የአየሩን ሁኔታ የሚለካ ሴንሰር አላት፤ ከጭስ መውጫዋ ውስጥ ደግሞ የቀረውን ኦክስጅን የሚያሸት ሌላ። «ቆቦስ?» የሚለውን ጥያቄ ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ መልሱንም ራሱ ይሰጣል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሎ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት እየበዙ ነው፤ ለእነሱ ድልብም ቆቦም አየሩ አንድ ነው፤ አይተነፍሱትም። ይህ ጥሩ ነው። ያቃጠልኩትን ፒስተን በእጁ የያዘ ሰው ይህ ጥሩ አይደለም ሊል አይችልም። ግን ወልድያ በሄድኩ ቁጥር የባጃጅ ጠጋኝ ልጆችን ቆሜ አያለሁ፤ እነሱ ዘንድ ካርቡሬተር ገና አለ። ባለፈው ዓመት አንዱ ብሎኑን እያዞረ ጭንቅላቱን ወደ ሞተሩ ሲያዘነብል አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኗል። ቱቦ የለውም። ልነግረው አስቤ የጀመረውን እስኪጨርስ ጠበቅኩ፤ ጨርሶ ሲነሳ ሚኒሞው ትክክል ነበር።

ያኔ የቀይዋ ባለቤት አልተቆጡኝም። «አብሽር፣ ልጅ ነው፤ እኔ ነኝ ያጣደፍኩት» አሉ ለጋሼ። ጋሼ ግን ይህን አልተቀበለም። የእጁን ዋጋ አልወስድም አለ፤ ከእኔ ደመወዝ ላይም እስከ ፋሲካ ግማሹን ለፒስተኑ አደረገው። ፒስተኑን ራሴ ሄጄ እንዳመጣ ላከኝ። ሌሊት ከመናኸሪያው በአውቶቡስ ተነስቼ 520 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት የተበሳ ፒስተን በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ነው። ሱማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ከአንድ የተበታተነ 125 የወጡ አራት ፒስተኖች አገኘሁ። የሸጡልኝ አዛውንት የምፈልገውን ሲሰሙ ከጠረጴዛቸው ሥር አንዲት ቆርቆሮ አወጡ፤ በውስጧ የዌበር ጂግለሮች፣ ፋብሪካው ቁጥር የመታባቸው። አራት ባለ 120 እና አራት ባለ 125 መረጥኩ። የሁለቱ ልዩነት ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ያንሳል።

ጋሼ ጂግለሮቹን ሲያይ ምንም አላለም፤ ግን በእያንዳንዳቸው ቤንዚን አሳለፈባቸው። የፋብሪካ ነው ብሎ አላመነም። ከዚያ ሁለት ባዶ የክብሪት ቀፎ አምጣ አለኝ፤ በአንዱ ላይ «ደጋ»፣ በሌላው ላይ «ቆላ» ብዬ በእስክሪብቶ እንድጽፍ አዘዘኝ። ባለ 120ዎቹ ደጋ ገቡ፣ ባለ 125ዎቹ ቆላ።

ሞተሩ ተገጥሞ ለሁለት ሳምንት በለስላሳ ከተነዳ በኋላ አንድ እሑድ ሦስታችንም ወጣን። ማለዳ ደጋውን ገጥመን ድልብ ደረስን፤ ካንዴላዎቹ የገብስ ቆሎ ናቸው። ከሰዓት በኋላ በወልድያ አልፈን ወደ ቆላ ወረድን። ጎብዬ ሳንደርስ ጋሼ አንድ ግራር ሥር አስቆመን። ሞተሩ እስኪበርድ ቡና የምታፈላ ሴት ዘንድ ተቀመጥን፤ አቦሉን ጠጣን፤ ቶናውን ጠጣን፤ በረካውን ሳንጠብቅ ተነሳን።

በዚያች ዌበር ጂግለር ለመቀየር ካርቡሬተሩን ማውረድ አያስፈልግም፤ ከላይ በካቻቢቴ ይወጣል። ባለቤቷ ራሳቸው ካልቀየርኩ አሉ፤ ሁለተኛ ማንንም ላለመጠበቅ መማር ፈልገዋል። ሁለቱን በደንብ ቀየሩ። ሦስተኛው፣ ያ የሦስተኛው ሲሊንደር፣ ከጣታቸው አመለጠ። ከማኒፎልዱ ላይ ነጠረ፣ ከመኪናው ሥር አፈር ውስጥ ገባ።

ሦስታችንም ተንበረከክን። ነጋዴውም፣ ጋሼም፣ እኔም። የመንገዱ አፈር እንደ ዱቄት የላመ ነበር። ማንም አልተናገረም። ጋሼ በእጁ ክብ ሠርቶ ማንም ከዚያ እንዳይወጣ አደረገና አፈሩን በእፍኝ በእፍኝ እያነሳን በጣቶቻችን መሀል እናንጠረጥር ጀመር። ቡና የምታፈላዋ ሴት ወንፊቷን ይዛ መጣች። የጠፋውን ነገር ስታይ፣ «ይቺን ነው?» አለች፤ ግን እሷም ተንበረከከች። ፀሐይ ወደ ወልድያ ተራሮች አዘነበለች። እጄ አንድ የጠጠረ ነገር ሲነካ ጠጠር ነው ብዬ ልጥለው ነበር።

ለጋሼ ሰጠሁት። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ሽቦ አልነካበትም፤ ሽቦ ቀዳዳ ያሰፋል። ወደ አፉ አስጠግቶ ሁለት ጊዜ ነፋበት፤ ወደ ፀሐይ አንስቶ በቀዳዳው አየ። ከዚያ መኪናው ኪስ ውስጥ የነበረውን ስሪንጅ አምጣ አለኝ። አመጣሁ። ከቤንዚን ቱቦው ቀዳ፤ አሳለፈ፤ ከሌሎቹ ጋር አወዳደረ። ደግሞ አሳለፈ። ባለቤቷ እጃቸውን ዘርግተው ሊቀበሉት ነበር። ጋሼ ግን ወደኔ ዞረ።

«አንተ እሠረው» አለኝ።